ታሪኩን የሚነግረን ማን ነው?

ልብ ወለድ ታሪክ ለመጻፍ ብዕሩን የሚያነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለሚናገረው ነገር ነው። ማን ተወለደ፥ ማን ሞተ፥ ማን ማንን ወደደ፥ ማን ማንን ከዳ እያለ ሐሳቡን ያወጣል፥ ያወርዳል። ይህም የሚገባ ጭንቀት ነው። ነገር ግን ከዚህ የማያንስ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህን ሁሉ የሚነግረን ማን ነው? የሚነግረንንስ ነገር የት ቆሞ አየው?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችን ሳንጠይቀው እናልፈዋለን። እኛም ሳንጠይቀው አልፈን አንድ ትንሽ ታሪክ ጽፈን ነበርና በገዛ ቤታችን ውስጥ አፍረንበታል። ዛሬ በዚህ መጽሔት ላይ ለመጻፍ የደፈርነው፥ ሊቃውንት ነን ብለን ሳይሆን፥ እኛ ያፈርንበትን ነገር የሥራ ባልደረቦቻችንና ጽሑፍ የሚወዱ አንባቢዎች ቢያውቁት ሳይጠቅም አይቀርም ብለን ነው።

የምንኖረው ቡራዩ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ አስኮን እንዳለፈ የሚያገኛት ይህች ከተማ ዛሬ በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልላለች። እኛ ልጆች ሳለን ግን ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጥቂት ገባ ሲሉ እርሻና ባሕር ዛፍ የሚበዛባት፥ ማታ ማታ ከገፈርሳ ግድብ በኩል ብርድ የሚነፍስባት ሥፍራ ነበረች። አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ግቢ ውስጥ ይሰሙ ነበር። ማታ እሳት ዳር እናታችን «ተረት ተረት» ሲሉን «የመሠረት» ብለን እንቀመጣለን፤ በማግሥቱ ደግሞ ጎረቤታችን የነበሩት አሮጊት ያንኑ ተረት በኦሮምኛ ይነግሩናል። የእናታችን ቀበሮ ብልጥ ነበረች፤ የአሮጊቲቱ ቀበሮ ግን ሞኝ ነበረች፥ ብልጧ ጦጣ ነበረች። አንድ ቀን «እውነተኛው የትኛው ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «እናትህ ከቀበሮዋ ጋር ሄደች፤ እኔ ከጦጣዋ ጋር ሄድሁ፤ ሁለታችንም የሄድነው በአንድ መንገድ ነው» አሉን። በዚያን ጊዜ የመለሱልን አልመሰለንም ነበር። ዛሬ ስናስበው ግን ስለ ትረካ አንጻር ከዚህ የበለጠ አጭር ትምህርት በየትም አላገኘንም።

አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ተረት የጠበቀ አወቃቀር አለው። «ተረት ተረት» በሩ ነው፤ «ተረቴን መልሱ፥ አፌን በዳቦ አብሱ» ደግሞ መዝጊያው ነው። በሩና መዝጊያው መካከል ያለው ነገር ከተራኪ ወደ ተራኪ ይለዋወጣል። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ አንድ ታሪክ ሙሉ የሚባለው መጀመሪያ፥ መካከልና መጨረሻ ሲኖረው ነው ብሎ አስተምሯል። እናቶቻችን አሪስጣጣሊስን ሳያነቡ ይህን ሥርዓት በእሳት ዳር ጠብቀውታል። እነርሱ የጨመሩበት ነገር ቢኖር፥ አድማጩ ራሱ «የመሠረት» ብሎ በሩን አብሮ እንዲከፍት ማድረጋቸው ነው። አድማጩ ካልመለሰ ተረቱ አይጀመርም።

ነገሩ ከተረት ወጥቶ ወደ ቁም ነገር ሲገባ ደግሞ አባቶቻችን የአተራረክን ጉዳይ በሸንጎ ያውቁት ነበር። በጥንቱ የ«ተጠየቅ» ሙግት ከሳሽ ነጠላውን አደግድጎ፥ ዘንጉን ይዞ፥ ነገሩን ከራሱ በኩል ያቀርባል፤ ተከሳሽም ያንኑ ነገር ከራሱ በኩል ገልብጦ ያቀርበዋል። ዳኛው የአንደኛው ንግግር ስላማረ ብቻ ሌላውን ሳይሰማ አይፈርድም። አድራጊው ያልታወቀ ወንጀል ሲፈጸም ደግሞ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው ጉባኤ ይጠራ ነበር። የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፥ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በየተራው ይናገራል። ደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ይህንኑ ሥርዓት መነሻ አድርገው «አፈርሳታ» የተሰኘ ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ጽፈዋል። የአንድ ሰው ጎጆ ይቃጠላል፤ አገሬው ደጋግሞ ይሰበሰባል፤ ብዙ ይነገራል፤ ሆኖም ጎጆውን ያቃጠለው ሰው አይገኝም። የመጽሐፉ ቁም ነገር የወንጀለኛው መገኘት ሳይሆን የአገሬው መነጋገር ነው። በጃፓንም ሪዩኖሱኬ አኩታጋዋ የተባለው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1922 አንድ ሰው ጫካ ውስጥ ሞቶ ስለ መገኘቱ ሰባት ሰዎች ቃላቸውን የሚሰጡበት አጭር ታሪክ ጽፏል። ከሰባቱ አንዱ በጠንቋይ አፍ የሚናገረው ሟቹ ራሱ ነው፤ ቃላቸው ግን አይገጥምም። ይህ ታሪክ በ1950 እ.ኤ.አ. አኪራ ኩሮሳዋ «ራሾሞን» ብሎ በሠራው ፊልም ዓለም ሁሉ አውቆታል። አውጫጭኝን የሚያውቅ ሰው ግን ያን ፊልም ሲያይ እንግዳ አይሆንበትም።

አሁን ወደ ራሳችን መጻሕፍት እንመለስ። የአማርኛ ልብ ወለድ የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ ነው። ጦቢያ በመባል የምናውቀው ይህ መጽሐፍ የሚያስደስተን በአንድ ትልቅ ምክንያት ነው፤ ጦቢያ የወንድ ልብስ የለበሰች ልጃገረድ መሆኗን እኛ አንባቢዎቹ እናውቃለን፥ በታሪኩ ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ሰዎች ግን አያውቁም። ተራኪው ለእኛ ሹክ ብሎ ለእነርሱ ደብቋል። ከምሥጢሩ ይልቅ ምሥጢሩን የሚያውቅና የማያውቅ ሰው መኖሩ ነው ልባችንን ሰቅሎ የሚይዘው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ሁሉን አወቅ የሚባለው ተራኪ በአማርኛ ከደረሰበት ከፍተኛ ሥፍራ አንዱ ነው። ታሪኩ በዛብህ ከመወለዱ አስቀድሞ ከወላጆቹ ይጀምራል። ተራኪው ወደ ፊታውራሪ መሸሻ አዳራሽ ይገባል፤ ወደ ሰብለ ወንጌል እልፍኝም ይገባል፤ በአንዱ ምዕራፍ ከጉዱ ካሳ ጋር ተቀምጦ ይወያያል፥ በሌላው የጌቶችን ትዕቢት ከውስጥ ሆኖ ያሳየናል። እንዲህ ያለውን ተራኪ ብዙዎች የሚመኙት ሁሉን ማወቁ ስለሚያስቀናቸው ነው። ነገር ግን የሀዲስ ተራኪ የሁሉን ልብ የማየት ሥልጣን ያገኘው በነጻ አይደለም፤ ለሚጠላው ሰው ሳይቀር ጊዜና ሥፍራ ሰጥቶ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ የሚያስቁንና የሚያሳዝኑን ተራኪው እርሳቸውን ለመስማት ስለ ታገሠ ነው። ይህ መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ሲነበብ የሰሙ ሰዎች አንድ ሰው ሁሉንም መሆን እንደሚችል በጆሮአቸው አረጋግጠዋል።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ደራስያን ሌላ መንገድ ፈልገዋል። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ባሳተሙት «አደፍርስ» ውስጥ ሰዎቹ ራሳቸው እንዲናገሩ፥ እንዲከራከሩና እርስ በርሳቸው እንዲቋረጡ አድርገዋል። አንባቢው እጁን ይዞ የሚመራው ተራኪ በማጣቱ መጽሐፉ ከበደኝ ይላል፤ የከበደው ግን ዳኝነቱ ለእርሱ ስለ ተተወለት ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. በታተመው «ኦሮማይ» ውስጥ ባብዛኛው በጋዜጠኛው በጸጋዬ ኃይለ ማርያም አንደበት፥ «እኔ» እያሉ ተናግረዋል። ጸጋዬ የዘመቻው ባለሟል ሆኖ ወደ አሥመራ የሄደ ሰው ነው። ከውጭ የሚተች ሰው ቢናገር ኖሮ ነገሩ ስድብ ይሆን ነበር፤ ከውስጥ ያለ ሰው ሲናገረው ግን ምስክርነት ሆነ። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደ ወጡ ቀሩ። «እኔ» የምትለዋ ሁለት ፊደል ምን ያህል ክብደት መሸከም እንደምትችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። በቅርብ ዘመን ደግሞ አዳም ረታ፥ በየራሳቸው የቆሙ የሚመስሉ ታሪኮች በውስጥ እንዲያያዙና አንዱ የሌላውን ጎዶሎ እንዲሞላ በማድረግ ሌላ ዓይነት አወቃቀር አሳይተውናል።

ስለ አማርኛችን ደግሞ የውጭ አገር የትረካ መጻሕፍት የማይነግሩን አንድ ነገር አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ደራሲ ስለ አንድ ሰው ሲጽፍ «እርሱ» ብሎ ያልፋል። አማርኛ ግን እንዲህ በቀላሉ አያሳልፍም። «መጣ» ወይስ «መጡ»? «ተናገረች» ወይስ «ተናገሩ»? ብሎ ያስጨንቃል። ተራኪው ባላባቱን «አሉ»፥ ጭሰኛውን «አለ» ብሎ ሲጽፍ፥ ገና ታሪኩ ሳይጀመር የት እንደ ቆመ አስታውቋል። ሁሉን አወቅ ነኝ፥ ከሁሉ በላይ ነኝ ቢልም፥ ማንን ቀና ብሎ፥ ማንን ዝቅ ብሎ እንደሚያይ ግሱ ያሳብቅበታል። እኛ ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም። ከታላቅ ወንድማችን ነው። አሁን ያልነውን እፍረት እንናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት «ጉቶ» የሚል አጭር ታሪክ ጻፍን። ነገሩ በቤታችን የተፈጸመ ነው። አባታችን በጓሮአችን የተከሉት ባሕር ዛፍ ነበራቸው፤ ሲያድግ ለእኛ ለመጨረሻ ልጃቸው የቤት መሥሪያ እንደሚሆን ደጋግመው ይናገሩ ነበር። በ2000 ዓ.ም.፥ የዐሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምንፈተንበት ዓመት፥ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዛፉ በሙሉ ወድቆ፥ ከጓሮው ጉቶ ብቻ ቀርቶ አገኘን። ታላቅ ወንድማችን መጥረቢያውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ከአንድ ነጋዴ ጋር ገንዘብ ይቆጥሩ ነበር። ማንም ምንም አላስረዳንም። አባታችን በዚያው ክረምት ዐረፉ። ከዚያ በኋላ ከወንድማችን ጋር አልተጣላንም፤ በዓል አብረን እንውላለን፥ ስንገናኝ እንሳሳማለን። ነገር ግን ያ የገንዘብ ቆጠራ ከልባችን አልወጣም ነበር።

ታሪኩን የጻፍነው «እኔ» እያልን ነው። ልጁ ደብተሩን ይዞ ከመንገድ ይገባል፤ ጉቶውን ያያል፤ «ወንድሜ ዛፉን ቆረጠ፤ ገንዘቡን ቆጠረ፤ ወደ እኔ አላየም» ይላል፤ ታሪኩም በዚያው ያልቃል። በመሥሪያ ቤታችን ጽሑፍ የሚወዱ ጥቂት ባልደረቦች ከሥራ ሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን የጻፍነውን የምናነብበት ልማድ ነበረንና በዚያ ስናነበው ተመሰገንን። አንዲት ባልደረባችን አለቀሰች። አጭርነቱም፥ ፍጻሜውም ተወደደ። እኛም እውነቱን ለመናገር ኮራን። የማንም ሰው ምስጋና ያልተሰማውን ሰው እንድናስብ አላደረገንም።

በተከታዩ ዓመት በፋሲካ ማግሥት ቤተ ዘመዱ በእናታችን ቤት ተሰብስቦ ሳለ፥ የወንድማችን ልጅ ታሪኩን ከቦርሳችን ውስጥ አግኝታ «ይነበብልን» ብላ አስቸገረች። ወንድማችን ከእኛ ዐሥራ ሁለት ዓመት ይበልጣሉ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ «ጋሼ» ብለን፥ አንቱ እያልን ያደግን ነን። እርሳቸው በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ቡና ይጠጡ ነበር። ማንበብ ጀመርን። ከመካከሉ ስንደርስ የምናነበው ስለ ማን እንደ ሆነ ለሁሉም ግልጽ ሆነ፤ ማቆም ግን ከመጨረስ የባሰ ነውር መሰለንና ጨረስነው። ቤቱ ጸጥ አለ።

ወንድማችን ሲኒውን አስቀምጠው «ጥሩ ጽፈሃል» አሉ። ጥቂት ቆይተውም «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። በአፍህ አንቱ ትለኛለህ፤ በወረቀቱ ላይ ግን ቆረጠ፥ ቆጠረ አልኸኝ። ለምንድን ነው?» አሉን።

«የልብ ወለድ ደንብ ነው፥ ጋሼ» ለማለት አፋችንን ከፈትን። ግን አልነበረም። በዚያው ታሪክ ውስጥ አባታችንን «ተናገሩ» ብለናል። ነጋዴውን እንኳ ሽበታም ስለ ነበረ «ነጋዴው ሳቁ» ብለን ጽፈናል። ከመላው ታሪክ አንቱታ የተነፈጉት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ስንጽፈው አላሰብንበትም፤ ብዕሩ ከእኛ ቀድሞ ፈርዶ ነበር። ባልደረቦቻችን ያልሰሙትን ነገር፥ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፉት ወንድማችን ሰሙት፤ ነገሩ የደረሰው በእርሳቸው ላይ ነበርና።

ከዚያም ድምፃቸውን ሳያነሡ «አንተ የመጣኸው ከቀኑ በዐሥር ሰዓት ነው። ጠዋትስ ማን ነበረ?» አሉ። የጠዋቱንም ነገሩን። አባታችን የስኳር ሕመማቸው እግራቸውን አበላሽቶት ነበር፤ ለሐኪም ቤት ገንዘብ አልነበረም። ዛፉ ይሸጥ ያሉት አባታችን ራሳቸው ናቸው። «ልጁ ትምህርት ቤት ሳለ ቁረጡት፤ ፈተናው እስኪያልፍ ሕመሜንም አትንገሩት» ብለው አዘዙ። መቁረጡ ሲጀመር አባታችን በርጩማቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው፥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ፤ ዛፍ በወደቀ ቁጥር በድምፁ ይቆጥሩ ነበር። አርባ ሦስት ብለው ዝም አሉ። «ነጋዴው መቸኮላችንን ዐውቆ በርካሽ ወሰደው» አሉ ወንድማችን፤ «ሌላ ነጋዴ መጠበቅ እችል ነበር፤ አልጠበቅሁም፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ያን ቀን ወደ አንተ ያላየሁት ስለ ዋጋው አፍሬ ነው።»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በታሪካችን ውስጥ አንድም ውሸት አልነበረም። ዛፉ ተቆርጧል፤ ገንዘቡ ተቆጥሯል፤ ወንድማችንም ወደ እኛ አላዩም። የተጻፈው ሁሉ ልጁ በዐይኑ ያየው ነው። ጥፋቱ ልጁ የሚያየው ከዐሥር ሰዓት በኋላ ያለውን ብቻ ሆኖ ሳለ ታሪኩ ስለ ቀኑ ሁሉ የፈረደ መሆኑ ነው። «እኔ» የሚል ተራኪ ሐቀኛ ነው፤ ሐቀኛ መሆን ግን የሚያውቀውን መናገር ብቻ ሳይሆን፥ የማያውቀው ነገር መኖሩንም ለአንባቢ ማሳየት ነው። የእኛ «እኔ» ጠዋት የሚባል ነገር መኖሩን ሳያስታውቅ በሩን ዘጋ።

ታሪኩን እንደገና ለመጻፍ ተነሣን። በመጀመሪያ «ለወንድማችን እንካሳቸው» ብለን በእርሳቸው አንደበት «እኔ» እያልን ጻፍነው። ስንጨርስ ባነበው እንግዳ ሰው ሆኖ አገኘነው። እርሳቸው ነገር አያስረዝሙም፥ ምሳሌ አያበዙም፤ የእኛ ወንድማችን ግን በወረቀቱ ላይ እንደ እኛ ይናገሩ ነበር። ቀድሞ አንቱታቸውን ነጠቅናቸው፤ አሁን ደግሞ አፋቸውን ነጠቅናቸው። ቀደድነው።

በሁለተኛው ጊዜ ሁሉን አወቅ ተራኪ አቆምን። ከልጁ ጋር በመንገድ መጣን፤ ከወንድሙ ጋር መጥረቢያ አነሣን፤ ከአባታችን ጋር ወደ ግድግዳው ዞረን ተቀመጥን። በዚያ ሥፍራ ላይ አባታችን ሲቆጥሩ ምን እንዳሰቡ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍን። ያማረ ገጽ ነበር። ነገር ግን እናታችን ሰምተው «ይህን ነግሮሃል?» አሉን። አልነገሩንም። ለማንም አልነገሩም። ልብ ወለድ ነውና መፍጠር አይከለከልም የሚል አለ፤ እኛም እንደዚያ እናምናለን። ሀዲስ ዓለማየሁ ፊታውራሪ መሸሻን ፈጥረዋቸዋልና ልባቸውን የማወቅ መብት አላቸው። እኛ ግን አባታችንን አልፈጠርናቸውም። ገጹን አወጣነው፤ አባታችን በታሪኩ ውስጥ ጀርባቸው ብቻ ይታያል፤ ድምፃቸውም ቁጥር ብቻ ነው። ይህን ካደረግን በኋላ ያነበቡ ሰዎች ከሁሉ የሚያስታውሱት ያን ጀርባ ሆነ።

ሦስተኛው ሙከራ በሁለት ክፍል ተከፈለ፤ አንዱ የልጁ ከሰዓት በኋላ፥ ሁለተኛው የወንድሙ ጠዋት። እዚህ ላይ ነው የአወቃቀር ጥያቄ የመጣው። ጠዋቱ ይቅደም ወይስ ከሰዓት በኋላው? በጊዜ ቅደም ተከተል ከሄድን ጠዋቱ ይቀድማል። እንዲህ ከሆነ ግን አንባቢው እንደ ጦቢያ አንባቢ ምሥጢሩን አስቀድሞ ያውቅና ልጁ ሲቆጣ «አይ አለማወቅ!» ብሎ ያዝንለታል፤ ራሱ ግን ከነገሩ ውጭ ይቆማል። ከሰዓት በኋላው ከቀደመ ደግሞ አንባቢው ከልጁ ጋር ይቆጣል፥ ከልጁ ጋር ይፈርዳል፤ ከዚያ ጠዋቱ ሲመጣ የሚያፍረው ልጁ ብቻ ሳይሆን አንባቢውም ነው። እኛ የደረሰብን ይህ ሁለተኛው ስለ ሆነ ይህን መረጥን። ምልሰት የሚባለው ዘዴ ታሪክን ለማወሳሰብ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ትክክለኛ ጥቅሙ ግን ሰው ነገርን የሚያውቅበትን ቅደም ተከተል መጠበቅ ነው። ነገር የሚፈጸመው በአንድ ተራ ነው፤ እኛ የምናውቀው በሌላ ተራ ነው። ደራሲው የትኛውን ተራ እንደሚከተል ሲመርጥ፥ አንባቢውን ተመልካች ወይም ተካፋይ እያደረገው ነው።

በልጁ ክፍል ውስጥ «ቆረጠ» የሚለውን እንዳለ ተውነው። ያ ልጅ በዚያን ቀን በልቡ አንቱ አላላቸውምና መለወጡ ውሸት ይሆናል። በጠዋቱ ክፍል ግን ተራኪው ሌላ ነው፤ በዚያ «መጥረቢያውን አነሡ» ይላል። አንድ ሰው በአንድ ቀን፥ በሁለት ግስ።

ይህን ካስተዋልን በኋላ በየዕለቱ የምንሠራውን ሥራ ሳይቀር በሌላ ዐይን ማየት ጀመርን። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ተራኪ ነው። ባለ ጉዳዩ ዓመት የፈጀበትን ነገር በአራት ገጽ ማመልከቻ ጽፎ ያመጣል፤ እኛ ደግሞ «አመልካች ጉዳያቸው እንዲታይላቸው ጠይቀዋል» ብለን በአንድ መስመር እንመራዋለን። ቃለ ጉባኤ ስንጽፍም «ሰፊ ውይይት ተደርጎበታል» እንላለን፤ ማን ተቆጣ፥ ማን ዝም አለ የሚለው አይገባበትም። ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸው ያደረጉትን ያነበበ አይረሳውም። መላው መጽሐፍ የአንድን ሰው ሕይወት ከገዛ አገሩ መካከል ሆኖ ይተርካል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ግን አንጻሩ በድንገት ተለውጦ ወደ እንግሊዛዊው ሹም ይሄዳል፤ ሹሙም የዚያን ሰው ታሪክ ሊጽፍ ባሰበው መጽሐፍ ውስጥ ስንት አንቀጽ እንደሚሰጠው ያሰላስላል። እኛ የሰውየውን ልጅነት፥ ኩራትና ፍርሃት ስናውቅ ቆይተን በአንድ አንቀጽ ሲጠቀለል እናያለን። የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ማጠር አለበት፥ እናውቃለን፤ ያለዚያ ሥራ አይሠራም። ነገር ግን የሚያሳጥረው ሰው ያሳጠረው ነገር ረጅም እንደ ነበር ቢያስታውስ፥ ባለ ጉዳዩ በሚቀጥለው ቀን ሲመጣ ቀና ብሎ ያየዋል።

ልብ ወለድ ለመጻፍ ለሚነሡ ወጣቶች የምንሰጠው ምክር እንግዲህ አጭር ነው። አንድ ታሪክ ከመጀመራችሁ በፊት ተራኪያችሁን እንደ ሸንጎ ምስክር አቁማችሁ ጠይቁት፤ በዚያን ጊዜ የት ነበርህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ? ከሰዎቹ መካከል ማንን አንቱ፥ ማንን አንተ ትላለህ? ስለ ምን? ካንተ በስተጀርባ የቆመው ማን ነው? ይህን ከመለሰላችሁ በኋላ «እኔ» ቢል፥ «እርሱ» ቢል፥ ወይም የሁሉን ልብ ቢያይ ምርጫው የእናንተ ነው።

እኛ ደግሞ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ «እኛ» እያልን መጥተናል። የድሮ ጸሐፊዎች ልማድ ነው፤ ጸሐፊውን ከትዕቢት ይጠብቃል ይባላል። ወንድማችን ይህን ጽሑፍ ከመላካችን በፊት አንብበው «ይህ እኛ የምትለው እኔንም ይጨምራል?» ብለው ጠየቁን። «ከፈቀዱ ይጨምራል፥ ጋሼ» አልናቸው። «እንግዲያው አንድ ነገር አስተካክል» አሉ። የወደቀው ዛፍ አርባ አንድ ነበር ይላሉ፤ የቆረጡት እርሳቸው ናቸውና ያውቁታል። አርባ ሦስት ያሉት አባታችን ምናልባት በዚያው ጠዋት ከጎረቤት ግቢ የወደቀ ሌላ ዛፍ ሰምተው ይሆናል፤ ምናልባትም እኛ የማናውቀውን ሌላ ነገር ቆጥረው ይሆናል። ጉቶው ተነቅሎ ዛሬ በሥፍራው ቤት ስለ ተሠራበት ሄዶ መቁጠር አይቻልም።

አላስተካከልነውም። በልጁ ክፍል ውስጥ ቁጥር የለም፤ በጠዋቱ ክፍል ግን ሁለቱም ቁጥሮች አሉ፤ የቆረጡት እንዳሉትና የሰሙት እንዳሉት። ወንድማችንም «እንዲሁ ይሁን» ብለዋል።